ሁለት ሌሊት፣ አንድ ሐይቅ
ከቢሾፍቱ እስከ አርባ ምንጭ፦ ለባለትዳሮች የዕረፍት ጉዞ ጥቆማ

ውድ ባለትዳሮች፣ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። መልስ ከመስጠታችሁ በፊት ግን እርስ በርሳችሁ ተያዩ። ከጫጉላችሁ ወዲህ ሁለታችሁ ብቻ ሆናችሁ ከቤት ውጪ ያደራችሁት መቼ ነው? ለሠርግ፣ ለለቅሶ፣ ለኮንፈረንስ ወይም ለአገልግሎት የሄዳችሁበትን አትቁጠሩት።

የብዙዎቻችን መልስ ተመሳሳይ ነው። «ለጫጉላ ሐዋሳ ሄደን ነበር» እንላለን። ከዚያ ወዲህ ስላለው ስንጠየቅ ዝም እንላለን። ልጅ መጣ፣ የቤት ኪራይ ጨመረ፣ የመዘምራን ልምምዱና የሽማግሌዎች ስብሰባው ሳምንቱን ሞላው። ትንሽ ገንዘብ ሲገኝም ቀድመው የሚታወሱን ገጠር ያሉት ወላጆቻችን ናቸው፤ መታወሳቸውም ተገቢ ነው። በዚህ ሁሉ መካከል «እኔና ባለቤቴ ልናርፍ ነው» ማለት ያሳፍራል። «እነ እገሌማ ተርፏቸዋል» የሚል ሰው ገና ሳይናገር ድምፁ ይሰማናል።

ነገር ግን ጌታ ኢየሱስ ደቀ መዛሙርቱ በሰው ብዛት ምግብ መብላት እንኳ ባቃታቸው ጊዜ፣ ሰው ወደሌለበት ስፍራ ወስዶ ሊያሳርፋቸው እንደፈለገ በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 6 እናነባለን። የሄዱትም በጀልባ ነበር። እንግዲህ ዕረፍት የሀብታም ነገር ብቻ አይደለም።

በዚህ ጽሑፍ ከአዲስ አበባ ተነሥታችሁ ልትሄዱባቸው የምትችሉትን የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች በቅደም ተከተል አሳያችኋለሁ። ከዚያ በፊት ግን የራሴን ስህተት ልንገራችሁ፤ ምክሬ ሁሉ ከእርሱ የተገኘ ነውና።

እኛ እንዴት እንደተሳሳትን

በተጋባን በአሥራ አንደኛው ዓመት የባለቤቴ ወንድም መኪናውን ለአምስት ቀን አዋሰን። እኔም ደስ ብሎኝ ወረቀትና እስክሪብቶ አውጥቼ ዕቅድ ጻፍኩ፦ ቢሾፍቱ፣ ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ ሻላ፣ ሐዋሳ፣ አርባ ምንጭ። «ከሄድን አይቀር ሁሉንም እንይ» አልኩ። በየቀኑ ጠዋት ሻንጣ ጭነን፣ ማታ ሻንጣ አወረድን። በየሐይቁ ዳር ቆመን ፎቶ ተነሣን። መንገዱ ረዘመ፣ ሙቀቱ በረታ፣ ስልኬ በየሰዓቱ ጮኸ፤ እኔም በየሰዓቱ አነሣሁት። አርባ ምንጭ የደረስነው ተኳርፈን ነው። በዚያ ሌሊት ባለቤቴ ረጋ ብላ፣ «ሐይቆቹን ሁሉ አየኋቸው፤ አንተን ግን አላየሁህም» አለችኝ።

ይህ ቃል ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ተመላለሰብኝ። በሚቀጥለው ዓመት ስንወጣ ሁለት ሌሊት ብቻ ነበረን፤ ያየነውም አንድ ሐይቅ ብቻ ነው። የሆነውን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ። እስከዚያው ይህችን ደንብ ያዙልኝ፦ በሁለት ሌሊት አንድ ሐይቅ ይበቃል። ከታች ያሉትን ሁሉ ሳስተዋውቃችሁ ሁሉንም እንድትዞሩ አይደለም፤ አንዱን እንድትመርጡ ነው።

ቢሾፍቱ፦ ልጆቹን ርቃችሁ መሄድ ለማትችሉ

ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድ ጉዞውን ይበልጥ አቅልሎታል። ሕፃን አያቱ ዘንድ ትታችሁ የምትሄዱ ከሆነ፣ «ቢያተኩሰውስ?» የሚለው ሐሳብ የማይለቃችሁ ወላጆች ከሆናችሁ፣ ከዚህ የተሻለ ስፍራ የለም። ስልክ ቢደወል ቶሎ ቤታችሁ ትደርሳላችሁ።

የቢሾፍቱ ሐይቆች በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ በተፈጠሩ ጉድጓዶች ውስጥ የተኙ ናቸው። ሆራ፣ ቢሾፍቱ፣ ባቦጋያና ኩሪፍቱ በሰፊው ይታወቃሉ። የብዙዎቹ ዳርቻ ገደላማ ስለሆነ ከላይ ተቀምጦ ቁልቁል ውሃውን ማየት ያስደስታል። ማረፊያው እንደ ኪሳችሁ ነው። ውድ ሪዞርቶች አሉ፤ መካከለኛ ሆቴሎች አሉ፤ በባቦጋያ አካባቢ ደግሞ ለጸሎትና ለጥሞና የተዘጋጁ ጸጥ ያሉ የእንግዳ ማረፊያዎች ይገኛሉ። የውድ ሪዞርቱ አልጋ ከአቅም በላይ ከሆነባችሁ ከተማ ውስጥ ባለ ንጹሕ ፔንሲዮን አድራችሁ ከሰዓት በኋላ ሐይቅ ዳር ሻይ መጠጣት ትችላላችሁ። ውሃው ያው ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ቅዳሜና እሑድ የአዲስ አበባ ሰው ወደዚያ ይጎርፋል። በመስከረም መጨረሻ አካባቢ የኢሬቻ በዓል በሆራ አርሰዲ ሲከበር ደግሞ ከተማዋ በሕዝብ ትሞላለች። ጸጥታ ከፈለጋችሁ ሌላ ሳምንት ምረጡ።

ዝዋይ፦ ለመንገደኛ ምሳ፣ ለማያቸኩል ደሴት

ከሞጆ ወደ ደቡብ ታጥፋችሁ ስትወርዱ፣ ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የባቱ ከተማና የዝዋይ ሐይቅ ይገኛሉ። ሐይቁ ደምበል ተብሎም ይጠራል። አሳው ስመ ጥር ነው። አሳ ጥብስ፣ አሳ ለብለብ፣ የአሳ ሾርባ እንደ ምርጫችሁ ይቀርብላችኋል። ወደቡ አጠገብ አባ ኮዳዎችና ፔሊካኖች የአሳ አጥማጁን ትራፊ ሲጠብቁ ታያላችሁ። ልጆች ይዛችሁ ከሄዳችሁ ከዚያ ማስነሣት ይቸግራችኋል።

ሐይቁ ውስጥ አምስት ደሴቶች አሉ። ትልቁ ቱሉ ጉዶ ነው፤ የዛይ ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ የኖረባቸውም እነዚህ ደሴቶች ናቸው። በጀልባ ለመሄድ ካሰባችሁ ጠዋት በማለዳ ተነሡ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሣ ውሃው ይናወጣል። የተንሳፋፊ ጃኬት የሌለው ጀልባ ላይ ግን አትውጡ። ጉማሬም ስላለበት ዝዋይ ለዋና አይመከርም።

ላንጋኖ፦ ለሚዋኙና ዝም ማለት ለሚወዱ

ላንጋኖ ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። «ባሕር የለንም» እያልን የምናዝን ብንሆንም፣ አሸዋ ላይ በባዶ እግር መሄድና ማዕበል ሲመታ መስማት የፈለገ ሰው ወደ ላንጋኖ ይሂድ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው ሰው በቀለሙ ይገረማል፤ ውሃው ቡናማ ነው። ይህ ከያዘው ደለል የመጣ እንጂ ቆሻሻ ሆኖ አይደለም። ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን መካከል ለዋና የሚመረጠውም እርሱ ነው፤ ከብልሃርዝያ ነፃ እንደሆነም ይነገርለታል።

ማረፊያው ከቅንጡ ሎጅ እስከ ተራ መኝታ ክፍል ድረስ ነው። ድንኳን ተክለው የሚያድሩም አሉ፤ የወጣት ባለትዳሮች ኪስ የሚችለው ይህ ሊሆን ይችላል። በድንኳን ከሆነ የታጠረና ጠባቂ ያለው ግቢ ምረጡ፤ ሌሊት ይበርዳልና ጋቢ አትርሱ።

ስለ ጩኸቱም ልንገራችሁ። ቅዳሜ ማታ በአንዳንድ ዳርቻዎች ሙዚቃው እስከ እኩለ ሌሊት ይዘልቃል። እኛ ያወቅነው ብልሃት ይህ ነው፦ እሑድ ከአምልኮ በኋላ መውጣትና ማክሰኞ መመለስ። ሕዝቡ ሲመለስ እናንተ ትገባላችሁ። ብዙ ቦታዎችም በሥራ ቀን ዋጋ ይቀንሳሉ። ሁለት የሥራ ቀን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ይህ ግን ከዓመት ፈቃዳችሁ ላይ የሚጎዳችሁ አይደለም።

አቢጃታና ሻላ፦ ከላንጋኖ የግማሽ ቀን ሽርሽር

ላንጋኖ ያደረ ሰው ከሐይቁ ወጥቶ ማየት ከፈለገ ዋናውን መንገድ ተሻግሮ የአቢጃታ ሻላ ሐይቆች ብሔራዊ ፓርክን ያገኛል። የፓርኩ ስፋት 887 ካሬ ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ ግማሽ የሚበልጠው በውሃ የተሸፈነ ነበር። በመግቢያው አካባቢ ሰጎኖችና የሜዳ ፍየሎች ይታያሉ። ሻላ ከ260 ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው ሲሆን ከአገራችን የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ጥልቁ እርሱ ነው። ዳርቻው ላይ ፍልውሃ ይፈልቃል። አካባቢውን የሚያውቅ የፓርኩን ስካውት ይዛችሁ ሂዱ፤ ውሃው ያቃጥላልና ልጆችን እጃቸውን ያዙ።

አቢጃታን ስታዩ ግን ታዝናላችሁ። ይህ ሐይቅ ከዝዋይ በቡልቡላ ወንዝ፣ ከላንጋኖ ደግሞ በሆራ ቀሎ ወንዝ ውሃ ያገኛል። ለመስኖ የሚሆነው ውሃ ከላይ ተወሰደ፤ ለሶዳ አሽ ፋብሪካም ከሐይቁ ራሱ ውሃ ተቀዳ። የሚገባው አነሰ፣ የሚወጣው በዛ፤ ሐይቁም እያደር ሸሸ። ቀድሞ ውሃ የነበረበት ዛሬ ነጭ ጨዋማ ሜዳ ነው። ሜዳው ላይ በመኪና አትግቡ፤ ከላይ የደረቀ ቢመስልም ከሥር ጭቃ ስለሆነ ይይዛችኋል።

እዚያ ቆሜ የራሳችንን ቤት አሰብኩ። ሥራ ይቀዳል፣ ዘመድ ይቀዳል፣ ልጅ ይቀዳል፣ አገልግሎትም ይቀዳል። ሁሉም ተገቢ ነው። ነገር ግን የሚገባ ውሃ ከሌለ ዳርቻው ይሸሻል፤ አንድ ቀንም ባልና ሚስት ደረቅ ሜዳ ላይ ቆመው ይገናኛሉ።

ሐዋሳ፦ ከተማም ሐይቅም ለሚፈልጉ

ሐዋሳ ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። የሲዳማ ክልል በ2012 ዓ.ም. ሲመሠረት ዋና ከተማው ሆናለች። መኪና የሌላችሁ ባለትዳሮች ሐዋሳን ምረጡ። በሕዝብ ትራንስፖርት ትደርሳላችሁ፤ ከደረሳችሁም በባጃጅና በእግር ሁሉንም ታያላችሁ።

ጠዋት በማለዳ ወደ አሞራ ገደል ሂዱ። አሳ አጥማጆቹ መረባቸውን ሲያራግፉ፣ አሳው ሲበለት፣ አባ ኮዳዎቹ እንደ ሽማግሌ በረድፍ ቆመው ሲጠብቁ ታያላችሁ። ጥሬ አሳ የሚበሉ ሰዎች ብታዩም እናንተ የተጠበሰውን እዘዙ፤ ቆሮሶ ከነአጥንቱ ተጠብሶ በዳቦና በዳጣ ሲቀርብ ሌላ ምግብ አያስመኝም። ከሰዓት በኋላ ጀምበር ሳትጠልቅ ታቦር ተራራ ላይ ውጡ፤ ከተማውና ሐይቁ አንድ ላይ ይታያሉ። ማታ ፍቅር ሐይቅ በሚባለው ዳርቻ ከሕዝቡ ጋር በእግር መንሸራሸር ነው። በዛፎቹ ላይ ያሉት ጦጣዎች ግን ብልጦች ናቸውና ሙዝና ቦርሳችሁን ጠብቁ።

ማረፊያ በኩል ሐዋሳ ሰፊ ምርጫ አላት። አትሌት ኃይሌ ገብረ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ2010 የመጀመሪያ ሪዞርቱን የከፈተው እዚህ ነው፤ ከእርሱ ሌላም በየደረጃው ሆቴልና ፔንሲዮን ሞልቷል። ከሐይቁ ሁለት መንገድ ገባ ያለው ፔንሲዮን ዳር ካለው ሆቴል በጣም ይረክሳል። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጨምበላላ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የተመዘገበ በዓል ነው። በዓሉን ማየት ከፈለጋችሁ ወቅቱን ጠይቃችሁ አልጋ አስቀድማችሁ ያዙ፤ ካልፈለጋችሁም ወቅቱን አውቃችሁ ሽሹ።

ለጫጉላ ሐዋሳ የሄዳችሁ ካላችሁ አንድ ነገር ላሳስባችሁ። ወደዚያው ስፍራ ተመለሱ። ያን ጊዜ የተቀመጣችሁበትን ድንጋይ ፈልጉ። ያን ጊዜ ምን አልማችሁ እንደነበር፣ ምኑ እንደተፈጸመና ምኑ እንደቀረ እዚያው ተቀምጣችሁ ተነጋገሩ።

አርባ ምንጭ፦ ሦስት ሌሊትና ከዚያ በላይ ላላችሁ

አርባ ምንጭ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለምትርቅ ለሁለት ሌሊት አትሆንም፤ እኛ ሞክረነው አይተናል። ጊዜ ወይም የአውሮፕላን ቲኬት ያላችሁ ግን አትቆጩም። ከከፍታው ላይ ሆናችሁ ስትመለከቱ በግራ ቀላ ያለው አባያ፣ በቀኝ ሰማያዊው ጫሞ፣ በመካከላቸው ደግሞ የእግዜር ድልድይ የሚባለው የመሬት ወሽመጥ ይታያል። ጫሞ ላይ በጀልባ ሄዳችሁ የአዞ ገበያ የሚባለውን ዳርቻ ማየት ትችላላችሁ። አዞዎቹ ግዙፍ ስለሆኑ እጅ ከጀልባ አይወጣም፤ ዋናም ፈጽሞ አይታሰብም።

ሙቀቱ ሲበረታባችሁ ወደ ዶርዜ ውጡ። አየሩ ቀዝቃዛ ነው፤ ከቀርከሃ የተሠሩት ረጃጅም ቤቶች ከፊት ሲታዩ የዝሆን ራስ ይመስላሉ። የዶርዜ ሸማኔ እጅ ሥራ ከዚያው ከሸማኔው ገዝታችሁ ለባለቤታችሁ ብትሰጡ ከአዲስ አበባ ሱቅ ከተገዛው ይልቅ ይወደድላችኋል። ቆጮ በማርና በዳጣ ቅመሱ።

ከመነሣታችሁ በፊት

ገንዘቡን አስቀድማችሁ ለዩ። በብድር የተሄደ ዕረፍት ሲመለሱ ጠብ ይሆናል። እኛ በየወሩ ትንሽ ትንሽ በአንድ ፖስታ እናስቀምጣለን፤ አንዳንድ ወዳጆቻችን ለዚሁ ብለው ዕቁብ ገብተዋል። ሒሳቡን አራት ላይ ክፈሉት፦ መጓጓዣ፣ አልጋ፣ ምግብ፣ መግቢያና ጀልባ። ለአንድ ለአልታሰበ ነገር ትንሽ ጨምሩ። ዋጋ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ከመሄዳችሁ በፊት ደውላችሁ ጠይቁ፤ ቁርስ ያካትት እንደሆነና ታክስ ይጨመርበት እንደሆነም ጠይቁ።

ልጆቹን ለአያት ወይም ለእህት አደራ ስጡ፤ መድኃኒትና የምትፈልጓቸውን ሰዎች ስልክ በወረቀት ጽፋችሁ ተዉላቸው። አያት የሌላችሁ ከሆነ ከሌላ ባለትዳር ጋር ተለዋወጡ፤ እናንተ ዘንድሮ የእነርሱን ልጆች ጠብቁ፣ እነርሱ በሚቀጥለው የእናንተን።

የመንገዱን ሁኔታ ከመነሣታችሁ አንድ ቀን በፊት ከዚያ አካባቢ ሰው ጠይቁ። በሌሊት አትንዱ። ሐይቆቹ ያሉበት ቆላማ አካባቢ ወባ ስላለበት አጎበርና ትንኝ መከላከያ ቅባት ያዙ። ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ወቅት ደረቅና ለመንገድ ምቹ ነው።

ስልካችሁን በተመለከተ በቀን አንድ ሰዓት ወስኑለት። በዚያ ሰዓት ለልጆቻችሁ ደውሉ፤ ከዚያ ዝጉት። መጋቢያችሁና ባልደረቦቻችሁ ሁለት ቀን ያለ እናንተ ይኖራሉ። እኔ ይህን ለማመን ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል።

ሁለተኛው ጉዞ

እንደነገርኳችሁ በሚቀጥለው ዓመት ላንጋኖ ሁለት ሌሊት አደርን። ክፍላችን ተራ ነበረች፤ አልጋውም ይንቋቋ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ምንም አልሠራንም። ተኛን፣ በላን፣ እንደገና ተኛን። ምን ያህል ደክመን እንደነበር ያወቅነው ያን ጊዜ ነው።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት አሸዋው ላይ ተቀምጠን ሳለ ባለቤቴ ከሦስት ዓመት በፊት ስላጣነው ፅንስ አነሣች። በወቅቱ «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» ብለን፣ ሰው አጽናንቶን፣ ወደየሥራችን ተመልሰን ነበር። እኔ ያበቃ መስሎኝ ነበር። እርሷ ግን ያንን ወር በየዓመቱ ብቻዋን ትቆጥረው ኖሯል። «ልነግርህ ብዙ ጊዜ ፈልጌ ነበር፤ ግን ሁልጊዜ ልትወጣ ስትል ነው የማገኝህ» አለችኝ። በእነዚያ ዓመታት እኔ በቤተ ክርስቲያናችን የሌሎችን ባለትዳሮች ችግር የምሰማ ሰው ነበርኩ።

የማጽናኛ ንግግር አልነበረኝም። አብሬያት አለቀስኩ። ከዚያ አጭር ጸሎት ጸለይን፤ ቁርስ ስለቀረበ ተነሥተን በላን። ከሰዓት በኋላ ዋኘን። ውጪ ሆኖ ላየን ሰው ምንም የተለየ ነገር አልተፈጠረም። ለእኛ ግን ያ ጠዋት ከአርባ ምንጩ ጉዞ ሁሉ ይበልጥብናል።

ይህ ነገር ቤታችን ሊነገር ይችል አልነበረም ወይ? ይችል ነበር። ግን ሦስት ዓመት ሙሉ አልተነገረም። አንዳንድ ነገር ሁለተኛው ቀን ሳይደርስ አይወጣም፤ የመጀመሪያው ቀን ድካምን ብቻ ያራግፋልና። ሁለት ሌሊት በአንድ ስፍራ የምላችሁ ስለዚህ ነው።

እንግዲህ ይህን መጽሔት ከማጠፋችሁ በፊት የግድግዳ ቀን መቁጠሪያውን አምጡ። ሁለታችሁም የምትችሉትን ሁለት ሌሊት ፈልጉ። አንድ ሐይቅ ምረጡ። ቀኑን በእስክሪብቶ አክብቡት፤ ለአያትም ዛሬውኑ ደውሉ።

መልካም ዕረፍት ይሁንላችሁ!